ጉንጬ ውስጥ የተተከለው ድንኳን

ጉንጬን ከውስጥ በስቴኪኒ ፍቄ ማይክሮስኮፕ ሥር ባስቀመጥኩት ሴል ውስጥ የሰፈራችን ሰዎች ቆመው ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ ጊዜው ጠዋት፣ ቦታው የዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ ላብ ነው። ሰዎቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የላብ ፈተና ላይ ነበርን። ፈተናው ሲያወሩት ቀላል ነው። ተማሪው ከገዛ ጉንጩ ሴል ያወጣል፣ ስላይድ ላይ ያደርጋል፣ ያያል፣ ይስላል፣ ቀለም ያጠጣዋል፣ ደግሞ ያያል። መምህሩ መጥተው በተማሪው ማይክሮስኮፕ ይመለከቱና ማርክ ይሰጣሉ። ይህን ፈተና ያላለፈ ኮርሱን አያልፍም፤ ኮርሱን ያላለፈ ሕክምና አይገባም። የእኔ ሕክምና መግባት ደግሞ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በትውልድ ከተማዬ በሁሩታ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" እያለ ነው የሚጠራኝ። አስናቀ የሚለው ስሜ ለትምህርት ቤት ብቻ ነው የቀረው። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስነሳ አንዳንድ ጎረቤቶች ምላሳቸውን አውጥተው አሳይተውኛል። አይቼላቸው "ደህና ነው" ብያለሁ። ደህናም ነበሩ።

ስለዚህ ሰዎቹን ሳያቸው አልደነገጥኩም። የተሰማኝ ኩራት ነው። ሰው ለፈተና ብርቱካን ይላክለታል፣ ጸሎት ይደረግለታል፤ ሰፈር በሙሉ ነቅሎ ጉንጩ ድረስ የሚመጣለት ግን ብዙ የለም።

በትንሹ ሌንስ ሲታዩ የተበተነ ጤፍ ይመስላሉ። በትልቁ ሌንስ ግን እያንዳንዳቸውን ለየሁ። ማይክሮስኮፕ ገልብጦ ስለሚያሳይ ሁሉም ጭንቅላታቸው ወደ ታች ነበር፤ ይህን በኮርሱ መጀመሪያ ስለተማርነው በእነሱ አልፈረድኩም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደገፋ፣ ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን ኮት ለብሰው፣ ልክ መሐል ላይ ጠረጴዛ አስቀርበው ተቀምጠዋል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። እናቴን ለማግኘት ግን ስላይዱን ወዲያና ወዲህ መግፋት ነበረብኝ። ጠርዝ ላይ፣ ከድስቶቹ አጠገብ ነበረች። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ የምትገኘው እዚያ ነው።

ያወሩ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፃቸው ግን አይሰማም። ዓይኔን አንስቼ በቦታው ጆሮዬን አደረግሁ። ይሰማል። ችግሩ ጆሮ ሲደረግ ዓይን የለም፣ ዓይን ሲደረግ ጆሮ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደሚናገር አያለሁ፣ ከዚያ ጆሮዬን አስጠግቼ ያለውን እሰማለሁ፣ መልሱን በመመልከቻው ቀዳዳ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። አንዴ ከለመዱት ከስልክ አይከፋም።

ጋሽ ደገፋ እንደነገሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ረቡዕ ፈተና እንዳለብኝ ውኃ ስትቀዳ ለአንዲት ጎረቤት ተናግራለች። ጎረቤቲቱ ለእድሩ ተናገረች። እድሩ ተሰብስቦ "ልጁ ብቻውን አይፈተንም" ብሎ ወሰነ። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ተነፋ፤ የቀረ እንደሚቀጣም ተነገረ። ከዚያ መጡ። እንዴት እንደገቡ አልጠየቅኩም። እንግዳን በየት በኩል ገባህ ብሎ መጠየቅ አላደግንበትም።

አጠገቤ የምትፈተነው ሂክማ ነበረች፣ የወራቤ ልጅ። ጆሮዬን ማይክሮስኮፕ ላይ ለጥፌ ስታየኝ ምን እየሰማህ ነው አለችኝ። የሰፈሬ ሰዎች መጥተው ነው አልኳት። ተነስታ መጥታ አየች። እጃቸውን አውለበለቡላት፣ እሷም አውለበለበች። ያንቺስ ሰዎች አልኳት። ወደ ራሷ ማይክሮስኮፕ ተመልሳ በደንብ ፈለገች።

"የእኔ ባዶ ነው" አለች። "ዛሬ ረቡዕ አይደል? ገበያ ናቸው።"

አዘንኩላት። ማዘኔ ፊቴ ላይ ታወቀብኝ መሰለኝ፣ አንተ ለራስህ እዘን፣ ፈተና ላይ ቤተ ዘመድ ጠርተህ፣ አለችኝ።

እውነት ለመናገር ቤተ ዘመዱ ዝም ብሎ አልቆመም። የመጡበት ሴል ውስጡ ረግረግ ነው፣ ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ጋሽ ደገፋ ይህን ሲያዩ "በዚህ ሁኔታ የልጁን መምህር አንቀበልም" አሉ። የእድሩ ትልቁ ድንኳን መሐል ላይ ተተከለ። ከስፋቱ የተነሳ ሰው የሚቆምበት ስላልተረፈ ሰዎቹ ወደ ዳር ወጡ፣ ሜዳውም ቅርፅ እንዲይዝ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ቆሙ። ጥግ የደረሳቸው ጎበዞች ጥጉን ቀጥ አድርገው ያዙት። እናቴና ድስቶቿ ከድንኳኑና ከሰዎቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ቀሩ።

አየሁት። እንደዚያ የሚያምር ሴል መጽሐፉ ላይም የለም። እርሳሴን ቀርጬ ሳልኩት።

መምህር ታረቀኝ ጠረጴዛዬ ደረሱ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ነጭ ጋውናቸው ኪሱ ላይ በእስክርቢቶ ቀለም የተበላሸ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡላቸው በጎን ይሰማኝ ነበር። መምህሩ ቀና አሉና ሥዕሌን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

"ይሄ ሽንኩርት ነው" አሉ።

"ጉንጬ ነው ቲቸር።"

ነገሩን ላስረዳ። ባለፈው ሳምንት ያየነው የሽንኩርት ሴል ነበር። የሽንኩርት ሴል ትልቅ ነው፣ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ለመሳልም አያስቸግርም። የጉንጭ ሴል ግን ስስ ነው፣ ለዓይን አይሞላም። ስለዚህ ሰነፍ ተማሪ በፈተና ቀን ከኪሱ የሽንኩርት ልጣጭ አውጥቶ "ጉንጬ ነው" ይላል። እንዲህ ያደረገ የተያዘ እንደሆነ ኤፍ ይሰጠዋል፣ ስሙም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይተላለፋል። ኮሚቴው ደግሞ የተላለፈለትን ሰው ወደ ትምህርቱ መልሶ አያውቅም።

መምህር ታረቀኝ ጥፋቱን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ዙሪያውን ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው፤ የእንስሳ ሴል ግድግዳ የለውም። መሐሉን ቫኪዩል የሚባለው ውኃ የያዘ ትልቅ ከረጢት ይዞታል፤ የእንስሳ ሴል እንዲህ ያለ ቫኪዩል የለውም። ኒውክሊየሱ ተገፍቶ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ በጉንጭ ሴል ኒውክሊየስ የሚቆመው መሐል ነው። ኒውክሊየሱ የቱ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። "ያቺ ድስቶቹ ጋ ያለችው ነቻ" አሉኝ።

"ሰዎች እንዳሉበትስ አይተዋል?"

"አይቻለሁ። ሰው መኖሩ ማርክ አያስቀንስም። ማኑዋሉ ስለ ሰው የሚለው ነገር የለም። የሚያስቀንሰው ግድግዳው ነው።"

የቀሩትን ጠረጴዛዎች አይተው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ሲመለሱ ሽንኩርት ከሆነ ሽንኩርት ብለው ይጽፋሉ። ይህን ብለው ሂክማ ዘንድ አለፉ። የእሷን አይተው "ጉንጭ ነው" አሉ።

ሂክማ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በግራ በኩል ያለውን ጉንጭህን ፍቀህ ሌላ ስላይድ ሥራ፣ ማን ያይሃል፣ አለችኝ። ምክሯ ጥሩ ነበር። ግን እንግዳ እቤትህ ቁጭ ብሎ ሳለ ሌላ ጉንጭ መፋቅ ነውር ነው። ሁሩታ ይህን ቢሰማ፣ ሁሩታ ደግሞ እዚያው ስላይዱ ላይ ነው ያለው፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ጎንበስ ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ግድግዳ መስላችኋል አልኳቸው።

ተቀየሙ። እማማ ብርቄ የሚባሉ፣ ጥግ ላይ በምርኩዝ የቆሙ ባልቴት፣ "እኔ ግድግዳ ከሆንኩ ምርጊቴን ማን መረገው?" አሉ። የቀሩትም የመጣነው ልናከብርህ ነው፣ ግድግዳ መባል ይገባናል ወይ አሉኝ። አይገባችሁም፣ ነገር ግን ሳይንስ ሰው ለምን እንደቆመ አይጠይቅም፣ እንዴት እንደቆመ ብቻ ነው የሚያየው አልኳቸው። ይህን አባባል እዚያው ነው የፈጠርኩት፤ በራሴ ኮራሁ። እነሱም ኮሩብኝ። "ሰማችሁት ዶክተርን?" ተባባሉና እጃቸውን ለቀቁ። እንደ ገበያ ሰው እዚህም እዚያም ተበተኑ። የሴሉም ጠርዝ ወዲያው ተጣመመ፣ ሸርተት አለ፣ ጉንጭ ጉንጭ መምሰል ጀመረ።

ድንኳኑ ከበደ። ጋሽ ደገፋ "ድንኳን ተተክሎ ሳያድር አይነቀልም፣ የእድሩ ደንብ ነው" አሉ። ጉንጭ ድንኳን የለውም ብላቸው "ጉንጭ ባይኖረው እድር አለው" ብለው መለሱልኝ። ጥሩምባ ነፊው ትንንሽ ነገርስ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። አስታወስኩ፤ በእንስሳ ሴል ውስጥ ጥቃቅን ቫኪዩሎች ይፈቀዳሉ። እንዲያ ከሆነ ጃንጥላ ይበቃናል ተባለ። ደንቡስ ሲባል ለጥቂት ጊዜ ተመካከሩ። በመጨረሻ ድንኳኑን ሰው አልነቀለውም፣ ነፋስ ጣለው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያ ጎበዞቹ ወጥተው ነፋስ የጣለውን ድንኳን ካስማውን እየነቀሉ አጣጥፈው አስቀመጡት። ጃንጥላዎች ተዘረጉ። በትልቁ ሌንስ ሲታዩ እውነትም የሚያምሩ ጥቃቅን ቫኪዩሎች ነበሩ።

የቀረው ኒውክሊየሱ ነው። መምህር ታረቀኝ በዚህ ጊዜ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ አንዱን ተማሪ ከሽንኩርቱ ጋር ይዘውታል። ልጁ ያለቅሳል።

ኒውክሊየስ የሴሉ አዛዥ ነው፣ መሐል መቆም አለበት አልኩ። አዛዥ የሚለውን ቃል ባልጠቀም ይሻል ነበር።

ድንኳኑ እንደተነሳ ጠረጴዛቸውን መሐል መልሰው የተቀመጡት ጋሽ ደገፋ ኮታቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያው ቦታው ተይዟል" አሉ።

አይደለም ጋሼ አልኳቸው፣ መምህሩ ለይተው ያዩት እናቴን ነው። ደግሞም ኒውክሊየስ ማለት ለልጅ የሚወረሰው ነገር ሁሉ የተቀመጠበት ነው። እኔ ያላወረስኩህ ምን አለ፣ ምክር ነው፣ ተግሣጽ ነው፣ ዲሲፕሊን ነው አሉኝ። አንዳንዶች አንገታቸውን ነቀነቁ። በድምፅ ብልጫ ይወሰን ተባለ። እጅ ወጣ፤ ነገር ግን ማይክሮስኮፑ ገልብጦ ስለሚያሳይ እጁን ያወጣውንና ያወረደውን መለየት አልቻልኩም። እናቴ ራሷ እንኳ ለጋሽ ደገፋ ነው ድምፅ የሰጠችው። ጆሮዬን ሳደርግ "ተወው፣ ሽማግሌ አታስቀይም። እኔ መሐል ምን እሠራለሁ? ድስቱንስ ማን ያየዋል?" ስትል ሰማኋት።

ያኔ ሂክማ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝና አፏን መመልከቻው ላይ ገጠመች።

"አባባ፣ ኒውክሊየስ ማለት ቀለሙን ከሁሉም በላይ የሚጠጣው ነው" አለቻቸው። "ሜቲሊን ብሉ ይባላል። ልብስ ከነካ አይለቅም።"

ዓይኔን መልሼ ሳይ ጋሽ ደገፋ ጠረጴዛቸውን በራሳቸው እጅ ተሸክመው ወደ ዳር እየሄዱ ነበር። ሊቀመንበር መሐል ከተቀመጠ ሕዝቡን ከኋላ ማየት አይችልም እያሉ ለጥሩምባ ነፊው ያስረዱታል። ጥሩምባ ነፊው ልክ ነው ይላል።

መሐሉ ባዶ ቀረ። ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም። ድስቱን እማማ ብርቄ ተቀበሏት። መጀመሪያ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ጫፍ ጫፉን ረገጠች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች። መሐል ስትደርስ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። እናቴ በስብሰባ መሐል ቆማ ሳያት ያ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ቁመቷን እስከዚያ ቀን በትክክል አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

"ቀለሙ ያማል እንዴ?" አለችኝ።

"አያምም እማዬ። ሰማያዊ ነው።"

"ሰማያዊ ምን ይላል" አለች። "በል ሥራህን ጨርስ።"

ስላይዱን በከደነው ስስ መስታወት በአንዱ ጠርዝ የቀለሙን ጠብታ አደረግሁ፣ በሌላው ጠርዝ ሶፍት አስጠጋሁ። ሶፍቱ ውኃውን ሲስበው ቀለሙ ተከትሎ ይገባል፤ አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእነሱ ቀለሙ ከሰማይ አልወረደም፣ ከአድማስ ነው የመጣው። በዝግታ እንደ ጎርፍ መጣ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ጋሽ ደገፋ ጠረጴዛቸው ላይ ወጡ፤ ኮቱ ግን አልዳነም። ሁሉም ቀስ በቀስ የንጋት ሰማይ ቀለም ያዙ። እናቴ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ቆመ። ሌላው ላይ እንዳለፈው አላለፈም። እሷ ውስጥ ገባ፣ ገባ፣ ገባ። ፊቷ፣ እጇ፣ ነጠላዋ፣ ጥለቱ ሳይቀር ጠቆረ፤ ከሜዳው ሁሉ ጥርት ብላ ወጣች። አልተነቃነቀችም። ፎቶ ቤት ያለች ይመስል አገጯን ከፍ አድርጋ ነበር።

መምህር ታረቀኝ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ሌንሱን አስተካከሉና ደግመው አዩ።

"መሐል ያለችው ማን ናት?"

"እናቴ ናት።"

"ጥሩ ኒውክሊየስ ናት" አሉ። "በዚህ ላብ እስከዛሬ እንዲህ ጥርት ያለ አላየሁም።"

ከዚያ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ክፍሉን በሙሉ ጠርተው የጉንጭ ሴል ምን እንደሚመስል እዚህ መጥታችሁ እዩ አሉ። ተማሪዎቹ ተሰለፉ። የእኛ ላብ ማይክሮስኮፕ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳይጎነበሱ አይታይበትም። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሙሉ፣ የሚኒስትር ልጅ ነኝ የሚለው ሳይቀር፣ ተራ በተራ ለእናቴ ጎንበስ እያለ አለፈ። በሽንኩርት የተያዘው ልጅ እንኳ ዓይኑን ጠርጎ ጎነበሰ። እኔ ጋውኔን ቆልፌ ከጎን ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አልኮራሁም።

ሰልፉ ሲያልቅ መምህር ታረቀኝ እስክርቢቷቸውን አወጡና በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። በሩ አጠገብ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ በረኪና አለ። ከሰው የወጣ ናሙና ሁሉ ከላብ ከመውጣቱ በፊት በረኪና ውስጥ ይገባል። ስላይዱ ሳይገባ ማርክ አይጻፍም።

ይህን ስላይድ ልያዘው አልኳቸው። ሰዎቼ ናቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "የሁሉም ናሙና ከሰው የወጣ ነው። እኔ የማውቀው ደንቡን ነው። ያልገባ እንደሆነ ባዶ ነው የምጽፍልህ፤ ባዶ ደግሞ ከሽንኩርት አይሻልም።"

የሌሎቹ ስላይዶች እየገቡ ነበር። ሂክማ የራሷን አስገብታ ተመለሰችና አጠገቤ ቆመች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

ጎንበስ ብዬ ለሰዎቹ ነገርኳቸው። ጋሽ ደገፋ የሚቀረው ይህ ብቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይህ ብቻ ነው አልኳቸው። ከዚህ በኋላ ዶክተር ትሆናለህ ወይ አሉኝ። አንድ ደረጃ ነው፣ ገና ብዙ ይቀራል አልኳቸው። "ደረጃ ከሆነማ" አሉና ለእድሩ አቀረቡት። ክርክር አልነበረም። የመጣነው ልጁ እንዲያልፍ ነው፣ ሳያልፍ ብንመለስ ምን ልንል ነው ተባለ። ለመንገድ የሚሆን ነገር የያዙ ለጎረቤታቸው አካፈሉ። ጃንጥላዎቹ ታጠፉ። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን በኩታው ጠረገ።

እናቴን ፈለግሁ። መፈለግ አላስፈለገኝም፣ መሐል ነበረች። በረኪና እኮ ነው እማዬ አልኩና ጆሮዬን አደረግሁ።

"በረኪና አላውቅም እንዴ?" አለች። "የማጥብለትን ሆቴል አንሶላ በምን ሳነጣው የኖርኩ ይመስልሃል? በል ክተተው፣ ሰው አታስጠብቅ። ዓይንህን ግን ራቅ አድርግ፣ ይፈናጠቃል።"

ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ አነሳሁት። በባዶ ዓይን ሲታይ መስታወቱ ላይ ያለው የቁንጫ ያህል ሰማያዊ ነገር ብቻ ነው። በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤ፣ ማንም እንዳይወድቅ አግድም አድርጌ፣ እስከ በሩ ተሸከምኩት። ተማሪዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ዓይኔን ራቅ አድርጌ አስገባሁት።

መምህር ታረቀኝ ማርኩን ጻፉ። ሙሉ ነው። ጨብጠውኝ ወደ ሌላው ተማሪ ዞሩ።

ከባልዲው አረፋ ይወጣ ጀመር። አንዱ አረፋ ከውኃው አናት ደርሶ ሲፈነዳ ከውስጡ ጥሩምባ ተሰማ። የሚቀጥለው ሲፈነዳ እልልታ ተሰማ፤ የአንዲት ሴት፣ አጠር ያለ። ከዚያ አከታትለው መጡ፤ እያንዳንዱ አረፋ አንድ እልልታ ነበረው፣ እያንዳንዱም ሲወጣ ነጭ ነበር። ላቡ በሙሉ እልልታ ሆነ። ተማሪዎቹ ማጨብጨብ እንዳለባቸው ስለመሰላቸው አጨበጨቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን አቀረብኩ።

ቀስ በቀስ አረፋው አነሰ፣ ጭብጨባውም ቆመ። የመጨረሻው ከሥር ተነስቶ ሳይቸኩል ወደ ላይ መጣ። ሰማያዊ ነበር። ወደ ባልዲው ጠርዝ አልሄደም። መሐል ላይ ቆመ፣ አልፈነዳም፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።